በብርድ ወራት በአምቡላንስ ውስጥ የሚያዙ የድንገተኛ ሕክምና መድኃኒቶችና መሣሪያዎች አጠባበቅ

መግቢያ

የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ በአንድ የደጋ ሆስፒታል ተረኛ ሐኪም በነበረበት ጊዜ፣ በታኅሣሥ ወር ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ፣ ከወሊድ በኋላ ደም የሚፈስሳት እናት በአምቡላንስ ደረሰች። ከጤና ጣቢያው እስከ ሆስፒታሉ ያለው መንገድ አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ይወስዳል። አብራት የመጣችው አዋላጅ ነርስ በመንገዱ ሁሉ የእናቲቱን ማሕፀን በሁለት እጇ ጨምቃ ይዛ ነበር። እናቲቱን ያተረፋትም በዋናነት ይኸው የአዋላጇ እጅ ነው።

ሕክምናው ተሰጥቶ ሁኔታው ከተረጋጋ በኋላ የአምቡላንሱን የድንገተኛ ሻንጣ አብረን ከፈትነው። የኦክሲቶሲን አምፑሎቹ በክትባት መያዣው ውስጥ ከደረቀ የበረዶ ጥቅል (አይስ ፓክ) ጋር ተጣብቀው ወደ በረዶነት ተለውጠዋል፤ ሁለቱም ተሰንጥቀዋል። ሳላይኑ እንደ ወንዝ ውኃ ቀዝቅዟል። ፐልስ ኦክሲሜትሩ ሲከፈት ለአፍታ በርቶ ይጠፋል። የካኑላው ፕላስተር በብርዱ ምክንያት አልጣበቅ ብሎ መንገድ ላይ ተላቅቆ ስለነበር መርፌው ከደም ሥሩ ወጥቷል። ሆኖም በዚያው ዕለት ማታ በተሞላው የመረካከቢያ ቅጽ ላይ ከእያንዳንዱ ዕቃ ትይዩ «አለ» የሚል ምልክት ተደርጓል። ቅጹ አልዋሸም፤ ሁሉም ዕቃ ነበረ። የጎደለው ዕቃ ሳይሆን የዕቃው አገልግሎት ነው።

ስለ መድኃኒት አያያዝ በምንማርበት ጊዜ አብዛኛው ትኩረት በሙቀት ላይ ነው። ይህም ተገቢ ነው፤ በአገራችን ቆላማ አካባቢዎች ዋናው ጠላት ሙቀት ነውና። በደጋው በኩል ግን ብርድም ያንኑ ያህል ጉዳት ያደርሳል፤ ጉዳቱም ብዙ ጊዜ በዓይን አይታይም። በዚህ ጽሑፍ ብርድ በመኪና ውስጥ በሚቆዩ የድንገተኛ ሕክምና ዕቃዎች ላይ የሚያደርሰውን ጉዳት፣ ጉዳቱ የሚደርስበትን ምክንያትና ተጨማሪ ወጪ ሳይጠይቅ ሊደረግ የሚችለውን ጥንቃቄ ለመዳሰስ እንሞክራለን።

ብርዱ የሚበረታው መቼ ነው?

ብዙ ሰው ብርድን ከክረምት ጋር ያያይዘዋል። በክረምት ግን ሰማዩ በደመና ስለሚሸፈን መሬት ቀን የያዘችውን ሙቀት ሌሊት በቀላሉ አትለቅም። እጅግ ቀዝቃዛዎቹ ሌሊቶች የሚከሰቱት በበጋው፣ በተለይም በኅዳር፣ በታኅሣሥና በጥር ነው። በእነዚህ ወራት ሰማዩ ጥርት ያለ፣ አየሩም ደረቅ በመሆኑ ሙቀቱ ወደ ላይ በፍጥነት ይባክናል፤ ሲነጋም ሣሩ ላይ አመዳይ ይታያል። በደብረ ብርሃንና በመንዝ፣ በሰሜን ተራሮች ዙሪያ፣ በባሌም በሳኔቲ አምባ የሌሊቱ ሙቀት ወደ ዜሮ ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሊጠጋ ወይም ከዚያ በታች ሊወርድ ይችላል።

ደጅ የቆመ መኪና ከዚህ ብርድ አያስጥልም። ቆርቆሮውና መስታወቱ ሙቀትን በቀላሉ ስለሚያስተላልፉ፣ ሞተሩ ከጠፋ ጥቂት ሰዓት በኋላ የመኪናው ውስጥ ከውጪው ጋር ይስተካከላል። ጣሪያው ደግሞ በጠራ ሰማይ ሥር ሙቀቱን ስለሚያጣ ከአካባቢው አየር ይበልጥ ሊቀዘቅዝ ይችላል። በአንጻሩ ያው መኪና በማግሥቱ ቀን ፀሐይ ላይ ሲቆም፣ የውጪው ሙቀት 20 ዲግሪ ብቻ ቢሆን እንኳ የውስጡ በአንድ ሰዓት ጊዜ ወደ 40 ዲግሪ ሊጠጋ ይችላል። ስለዚህ በመኪና ውስጥ የሚያድርና የሚውል መድኃኒት በ24 ሰዓት ውስጥ በረዶንም በረሃንም ያያል።

የመንገዱ አቀማመጥ ችግሩን ያባብሰዋል። ከባሕር ወለል በላይ 1,000 ሜትር በወጣን ቁጥር የአየሩ ሙቀት በአማካይ ከ6 እስከ 7 ዲግሪ ይቀንሳል። ከሸዋ ሮቢት ወደ ደብረ ብርሃን የሚጓዝ አምቡላንስ ከ1,300 ሜትር ገደማ ተነሥቶ፣ ከ3,000 ሜትር በላይ በሆነው በጣርማ በር በኩል አልፎ፣ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ወዳለችው ከተማ ይደርሳል። ርቀቱ 100 ኪሎ ሜትር አይሞላም። ቆላ ላይ ከሙቀት እንዲጠብቅ የተደረገው የበረዶ ጥቅል፣ ሌሊት ተራራው ላይ ሲደረስ ራሱ ጉዳት አድራሽ ይሆናል።

ወደ በረዶነት መለወጥ የሌለባቸው መድኃኒቶች

ኦክሲቶሲን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መቀመጥ አለበት። ዋናው ጠላቱ ሙቀት ነው፤ ሆኖም አምራቾች በረዶ እንዳይሠራ ያስጠነቅቃሉ፣ አምፑሉም በረዶ ሲሠራ ሊሰነጠቅ ይችላል። ውኃ ወደ በረዶነት ሲለወጥ መጠኑ በ9 በመቶ ያህል ስለሚጨምር ጠባቡን ብርጭቆ ይገፋዋል። በዓይን የማይታይ ስንጥቅ ያለው አምፑል ንጽሕናው አስተማማኝ አይደለም። ኤርጎሜትሪንም እንደዚሁ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ፣ በተጨማሪም ከብርሃን ተከልሎ መያዝ ይኖርበታል።

ኢንሱሊን አንድ ጊዜ በረዶ ከሠራ ቀልጦ መልኩ ደኅና ቢመስልም መጣል አለበት። ያልተከፈተው ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ይቀመጣል፤ በአገልግሎት ላይ ያለው ግን በተራ የክፍል ሙቀት አራት ሳምንት ያህል ሊቆይ ስለሚችል፣ ለጥቂት ሰዓት ጉዞ በበረዶ መክበብ አያስፈልገውም።

የቴታነስ፣ የሄፓታይተስ ቢ፣ የፔንታቫለንትና የመሳሰሉት ክትባቶች አሉሚኒየም ያለበት ውህድ ይዘዋል። ይህ ውህድ በረዶ ሲሠራ ይበታተናል፤ ሲቀልጥም ወደ ቀድሞ ሁኔታው አይመለስም። እዚህ ላይ ሊታወስ የሚገባው ዋና ነጥብ በብልቃጡ ላይ ያለው የሙቀት መቆጣጠሪያ ምልክት (ቪ.ቪ.ኤም.) ሙቀትን እንጂ ብርድን የማይመዘግብ መሆኑ ነው። በረዶ ሠርቶ የቀለጠ ብልቃጥ ምልክቱ እንከን የሌለበት ሆኖ ሊታይ ይችላል። ጥርጣሬ ሲኖር የመወዝወዝ ፈተና (ሼክ ቴስት) ይደረጋል። ሆን ተብሎ በረዶ እንዲሠራ የተደረገና የቀለጠ የዚያው ዓይነትና የዚያው ምርት ቁጥር ብልቃጥ ከተጠረጠረው ጋር ተወዝውዞ ጎን ለጎን ይቀመጥና የሚዘቅጡበት ፍጥነት ይነጻጸራል። የተጠረጠረው እንደ ማነጻጸሪያው ፈጥኖ ከዘቀጠ ይወገዳል። ይህ ፈተና አሉሚኒየም ላለባቸው ክትባቶች ብቻ የሚያገለግል በመሆኑ ለኦክሲቶሲን፣ ለኢንሱሊንም ሆነ ለፀረ እባብ መርዝ መድኃኒት አይሠራም።

በብርድ ክሪስታል የሚሠሩ መድኃኒቶች

ማኒቶል 20 በመቶ በሚቀዘቅዝበት ጊዜ የጨው ፍሬ የመሰለ ክሪስታል ይሠራል። ይህ የመበላሸት ምልክት አይደለም። ጠርሙሱ በሙቅ ውኃ ውስጥ ተነክሮና በየጊዜው ተወዝውዞ ክሪስታሉ ሙሉ በሙሉ ሲሟሟ፣ ወደ ሰውነት ሙቀት እስኪበርድ ተጠብቆ ማጣሪያ ባለው መስመር ሊሰጥ ይችላል። ክሪስታል እየታየበት ግን ፈጽሞ መሰጠት የለበትም። የራስ ጉዳት የደረሰበትን ሕመምተኛ አጅቦ በሚሄድ ባለሙያ እጅ ማኒቶሉ ረግቶ ቢገኝ፣ መንገድ ላይ ሙቅ ውኃ የሚገኝበት ዕድል አነስተኛ ነው። ስለዚህ ማኒቶል ከመነሻው በብርድ ማደር አይገባውም። የፊኒቶይን መርፌም በቅዝቃዜ ዝቃጭ ሊያሳይ ይችላል፤ በክፍል ሙቀት ሲቆይ ዝቃጩ ከጠፋና ፈሳሹ ከጠራ አገልግሎት ላይ ይውላል፤ ካልጠራ ይወገዳል።

የደም ሥር ፈሳሽና ደም

ኖርማል ሳላይን ከዜሮ በታች በግማሽ ዲግሪ ገደማ ወደ በረዶነት መለወጥ ይጀምራል። በረዶ የሠራ ከረጢት ቀልጦ ቢጠራም መጠቀም አይገባም፤ ከረጢቱና መገጣጠሚያዎቹ በጭንቀቱ ምክንያት ሊያፈስሱ ይችላሉ። ይሁን እንጂ ይበልጥ የሚያሳስበው በረዶ ሳይሠራ የቀዘቀዘው ፈሳሽ ነው፤ እርሱን ማንም አይጠረጥረውምና።

ቀላል ሒሳብ እንሥራ። ክብደቷ 50 ኪሎ ግራም የሆነች እናት 1 ሊትር የ20 ዲግሪ ፈሳሽ ብትቀበል፣ ያንን ፈሳሽ ወደ 37 ዲግሪ ለማሞቅ ሰውነቷ የሚያወጣው ሙቀት የራሷን ሙቀት በ0.4 ዲግሪ ያህል ይቀንሰዋል። ፈሳሹ መኪና ውስጥ አድሮ 5 ዲግሪ ላይ ቢሆን ቅናሹ ወደ 0.8 ዲግሪ ይጠጋል። ሁለት ሊትር ከሆነ 1.5 ዲግሪ ይደርሳል ማለት ነው። ደም የፈሰሳት፣ ልብሷ የራሰ፣ በብርድ መኪና የምትጓዝ እናት ከዚህ ውጭም ሙቀቷን እያጣች ነው። የሰውነት ሙቀት ሲቀንስ የደም መርጋት ሂደት ይዳከማል፤ አሲድ ይከማቻል፤ መድማቱም ይቀጥላል። በመሆኑም ደሟን ለመተካት የምንሰጠው ፈሳሽ ራሱ መድማቱን ሊያግዝ ይችላል።

ፈሳሽን ለማሞቅ በሞተር ላይ ማስቀመጥ፣ በከሰል ዳር ማቆም ወይም በፈላ ውኃ ውስጥ መዘፍዘፍ አደገኛ ነው። የሙቀቱ መጠን አይታወቅም፤ ከሰውነት ሙቀት እጅግ የበለጠ ፈሳሽ ቀይ የደም ሴሎችን ይጎዳል። አስተማማኙ ዘዴ ፈሳሹን ከመጀመሪያው ሞቅ ባለ ክፍል ማሳደርና በጉዞ ጊዜ በብርድ ልብስ ጠቅልሎ መያዝ ነው።

ደም አብሮ በሚላክበት ጊዜ በመጓጓዣው ውስጥ ከ2 እስከ 10 ዲግሪ መጠበቅ ያለበት ሲሆን፣ ከበረዶ ጥቅል ጋር በቀጥታ መነካካት የለበትም። በረዶ የሠራ ቀይ የደም ሴል ይፈነዳል፤ እንዲህ ያለውን ደም መስጠት ለሕይወት ያሰጋል።

መሣሪያዎችና ባትሪዎች

ባትሪ ኃይል የሚሰጠው በውስጡ በሚካሄድ ኬሚካዊ ለውጥ ነው። ብርድ ይህንን ለውጥ ስለሚያዘገየው ባትሪው ሳያልቅ ያለቀ ይመስላል። ተራው የባትሪ ድንጋይ ለዚህ ይበልጥ የተጋለጠ ነው። በዚህ ምክንያት የላሪንጎስኮፕ መብራት ይደክማል፣ ፐልስ ኦክሲሜትር ይጠፋል። ብዙ ጊዜ መፍትሔው ቀላል ነው፤ ባትሪውን አውጥቶ በእጅ ወይም በውስጥ ኪስ ጥቂት ደቂቃ ማሞቅ ኃይሉን ይመልሰዋል። መጠባበቂያው ባትሪም መቀመጥ ያለበት በመኪናው ኪስ ሳይሆን በባለሙያው የውስጥ ኪስ ነው። እንደ ስልክ ባሉ መሣሪያዎች ውስጥ ያለው ሊቲየም አዮን ባትሪ ደግሞ ከዜሮ ዲግሪ በታች እያለ ኃይል መሞላት የለበትም። የመኪናው ባትሪም በዜሮ ዲግሪ ከአቅሙ አንድ አምስተኛ ያህሉን ስለሚያጣ፣ ደካማ ባትሪ ያለው አምቡላንስ ሞተሩን ማስነሣት የሚያቅተው በእነዚህ ሌሊቶች ነው።

አብዛኞቹ ግሉኮሜትሮች በትክክል የሚሠሩት ከ10 ዲግሪ በላይ ነው። ከዚያ በታች አንዳንዶቹ የስሕተት ምልክት ያሳያሉ። የመመርመሪያ ስትሪፑ ከብርድ ወደ ሙቅ ክፍል እንደገባ ወዲያው ዕቃው ቢከፈት የአየሩ እርጥበት በላዩ ላይ ስለሚያርፍ ይበላሻል፤ ስለዚህ እንደተከደነ ከክፍሉ ሙቀት ጋር እስኪስተካከል መጠበቅ ያስፈልጋል። ለወባ ፈጣን መመርመሪያም ተመሳሳይ ጥንቃቄ ይደረጋል። ራሱን የሳተ ሕመምተኛ ሲያጋጥምና መለኪያው በብርድ ምክንያት አልሠራ ሲል፣ የስኳር ማነስ ከተጠረጠረ የግሉኮስ ሕክምናው መለኪያው እስኪሞቅ መዘግየት የለበትም።

የፐልስ ኦክሲሜትር ስሕተት ከባትሪው ብቻ አይመነጭም። በብርድ ጊዜ የጣት ደም ሥሮች ስለሚጠብቡ የሚነበበው ቁጥር ሊዋዥቅ ወይም ዝቅ ሊል ይችላል። የሕመምተኛውን እጅ ማሞቅ፣ መሣሪያው የሚያሳየው የልብ ምት በእጅ ከሚቆጠረው ጋር መመሳሰሉን ማረጋገጥ ያስፈልጋል።

ኦክሲጅን

የኦክሲጅን ሲሊንደር ከ20 ዲግሪ ወደ ዜሮ ሲወርድ በመለኪያው ላይ የሚታየው ግፊት በ7 በመቶ ያህል ይቀንሳል። ይህ የጋዝ ባሕርይ እንጂ ኦክሲጅኑ ስለ ጎደለ አይደለም። ማታ 100 ባር የነበረ ሲሊንደር ንጋት ላይ 93 ቢያሳይ እንግዳ ነገር አይሆንም። ቅናሹ ከዚህ ከበለጠ ግን የሚያፈስስበት ቦታ ይፈለግ።

በብርድ የጠነከረ ቫልቭን ለማላላት ዘይት፣ ግራሶ ወይም ቅባት መቀባት፣ በእሳትም ማሞቅ ፈጽሞ የተከለከለ ነው። ኦክሲጅን በከፍተኛ ግፊት ቅባት ሲያገኝ ሊቀጣጠል ይችላል። ይህንን ሾፌሮችም በሚገባ ሊያውቁት ይገባል፤ ለጠነከረ ብሎን ግራሶ መቀባት የተለመደ ሥራቸው ነውና። የማርጠቢያው ጠርሙስ ውኃ ይዞ ማደር የለበትም፤ በረዶ ይሠራል፣ ጀርምም ያፈራል። በአፍንጫ ቱቦ በዝቅተኛ መጠን ለሚሰጥ ኦክሲጅን በአጭር ጉዞ ማርጠቢያ አስፈላጊ ስላልሆነ ጠርሙሱ ታጥቦና ደርቆ ባዶውን ቢቀመጥ ይመረጣል።

ትንንሽ የሚመስሉ ዕቃዎች

ፕላስተር ሲቀዘቅዝ ሙጫው ስለሚጠነክር አይጣበቅም፤ በተለይ በእርጥብ ቆዳ ላይ። ከጉዞው በፊት በውስጥ ኪስ ማሞቅ፣ ቆዳውንም ማድረቅ፣ ካኑላውን በተጨማሪ በፋሻ ማሰር ይገባል። የሳልቡታሞል መንፊያ በሚቀዘቅዝበት ጊዜ ገፊው ጋዝ ስለሚዳከም የሚወጣው መድኃኒት ያንሳል፤ በእጅ ከሞቀና አንድ ሁለት ጊዜ ወደ አየር ከተነፋ በኋላ ይሰጥ። የፕላስቲክ ቱቦዎች ይደርቃሉ፤ ሲታጠፉም ሊሰበሩ ይችላሉ። ብርድ ልብስ በእርጥበት ካደረ ያቀዘቅዛል እንጂ አያሞቅም። አምፑል በእርጥበት ምክንያት የስም ወረቀቱ ተላቅቆ ከተገኘ፣ ምን እንደሆነ ቢገመትም ይወገዳል።

ሻንጣው የት ይደር?

እስካሁን የተዘረዘሩት ችግሮች ብዙ ቢመስሉም አብዛኞቹ የሚወገዱት በአንድ ውሳኔ ነው። የድንገተኛ ሻንጣው ከመኪናው ጋር ማደር የለበትም። ተረኛው ባለሙያ ባለበት ክፍል ይደር፤ ጥሪ ሲመጣ ከባለሙያው ጋር ይውጣ፤ ሲመለስም ከባለሙያው ጋር ይግባ። ለዚህ የሚያስፈልገው ምንም ዓይነት ግዢ የለም፤ በበር አጠገብ አንድ መደርደሪያና ሁሉም የሚያውቀው ደንብ ብቻ ይበቃል።

ይህንን ለመፈጸም ዕቃዎቹን በሦስት መክፈል ይጠቅማል።

1. ከመኪናው ጋር ሊያድሩ የሚችሉ፦ ቃሬዛ፣ የስብራት መደገፊያ ጣውላ፣ ጎዝ፣ ፋሻ፣ በላስቲክ የተጠቀለለ ደረቅ ብርድ ልብስ፣ በሚገባ የታሰረ የኦክሲጅን ሲሊንደር።

2. በክፍል ሙቀት ማደር ያለባቸው (የድንገተኛ ሻንጣ)፦ የደም ሥር ፈሳሾች፣ ግሉኮስ፣ አድሬናሊን፣ ትራኔክሳሚክ አሲድ፣ ማግኒዚየም ሰልፌት፣ ማኒቶል፣ ሚሶፕሮስቶል፣ የሳልቡታሞል መንፊያ፣ ግሉኮሜትርና ስትሪፖቹ፣ ፐልስ ኦክሲሜትር፣ ላሪንጎስኮፕ፣ ባትሪዎች፣ ፕላስተርና ጓንት።

3. በማቀዝቀዣ ውስጥ ቆይተው በመነሻ ሰዓት የሚወጡ፦ ኦክሲቶሲን፣ ኤርጎሜትሪን፣ ያልተከፈተ ኢንሱሊን፣ ክትባትና ደም።

ሻንጣው የሚያድርበት ክፍል በከሰል የሚሞቅ ከሆነ ሌላ አደጋ አለ። የካርቦን ሞኖክሳይድ መመረዝ በየዓመቱ በብርድ ወራት የምናየው ችግር ነውና፣ መድኃኒት ለማሞቅ ተብሎ በተዘጋ ክፍል ከሰል እንዳይቀጣጠል ማሳሰብ ይገባል። በዚሁ ምክንያት አምቡላንሱን በተዘጋ ጋራዥ ውስጥ ሞተሩን አስነሥቶ ማሞቅ አይፈቀድም፤ ወደ ደጅ ወጥቶ መሞቅ አለበት።

በጉዞ ላይ የኦክሲቶሲን አያያዝ

በመግቢያችን ያየነው ስሕተት የመነጨው ከቸልተኝነት ሳይሆን ከጥንቃቄ ነው። መድኃኒቱ እንዳይሞቅ የፈራ ባልደረባ በብዙ በረዶ ከበበው። ከማቀዝቀዣ ሣጥን በቀጥታ የወጣ የበረዶ ጥቅል ከዜሮ ዲግሪ ብዙ በታች ነው። ስለዚህ ጥቅሉ ጠረጴዛ ላይ ቆይቶ፣ ሲወዘወዝ በውስጡ ውኃ ሲንቀሳቀስ እስኪሰማ ድረስ መጠበቅ ይኖርበታል። በደጋ ሌሊት ይህ ቆላ ላይ ከለመድነው የበለጠ ጊዜ ስለሚወስድ በሰዓት ሳይሆን በጆሮ ይረጋገጥ። በረዶ ሳይሆን በማቀዝቀዣ የቀዘቀዘ ውኃ የያዘ ጥቅል ቢገኝ ደግሞ ይበልጥ አስተማማኝ ነው። አምፑሎቹ በወረቀት ካርቶናቸው እንዳሉ በጨርቅ ተጠቅልለው ከጥቅሉ ራቅ ብለው ይቀመጡ። በጤና ጣቢያው ማቀዝቀዣ ውስጥም ከበረዶ ሠሪው ግድግዳ ጋር መነካካት የለባቸውም።

ኦክሲቶሲን ለጥቂት ሰዓት 15 ወይም 20 ዲግሪ ላይ መቆየቱ ፈጥኖ አያጠፋውም፤ የሚጎዳው የቀናትና የሳምንታት ሙቀት ነው። በመሆኑም የበረዶ ጥቅሉ ካልተዘጋጀና እናቲቱ መጠበቅ ካልቻለች፣ ደጋ ላይ በቀዝቃዛ ሌሊት መድኃኒቱን ያለ በረዶ በሻንጣው መያዝ ከደረቀ በረዶ ጋር ከማጣበቅ ይሻላል። ከጉዞው ሲመለስ ያልተጠቀምንበት አምፑል የወጣበት ቀን ተጽፎበት ለቀጣዩ ጥሪ ቅድሚያ ይሰጠዋል።

ሁለተኛ መከላከያ መያዝም ብልህነት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ኦክሲቶሲን በማይገኝበት ወይም ጥራቱ በሚያጠራጥርበት ጊዜ ከወሊድ በኋላ ለሚከሰት መድማት ሚሶፕሮስቶል 800 ማይክሮግራም ከምላስ ሥር እንዲሰጥ ይመክራል። ይህ ክኒን ብርድን አይፈራም፤ እርጥበት ግን ይጎዳዋልና ከመጀመሪያ ማሸጊያው መውጣት የለበትም። ሙቀት የሚቋቋመው ካርቤቶሲንም መድማትን አስቀድሞ ለመከላከል ከ2018 ጀምሮ በድርጅቱ የተመከረ ሲሆን፣ ማቀዝቀዣ አይፈልግም፤ በረዶ እንዲሠራ ግን አይፈቀድም።

መለካትና ኃላፊነት

የመኪናችን ውስጥ ሌሊት ስንት ዲግሪ እንደሚደርስ መገመት አያስፈልግም፤ መለካት ይቻላል። ዝቅተኛውንና ከፍተኛውን የሚመዘግብ ቴርሞሜትር በኅዳር ወር ለሰባት ተከታታይ ሌሊት በአምቡላንሱ ውስጥ ማስቀመጥና ጠዋት ጠዋት ቁጥሩን መጻፍ በቂ ነው። በቃል የማይሰማ ማሳሰቢያ በቁጥር ሲቀርብ ይሰማል፤ ለወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤት ጥያቄ ለማቅረብም ማስረጃ ይሆናል።

በብዙ ቦታ አምቡላንሱ የአንድ መሥሪያ ቤት፣ መድኃኒቱ የሌላው፣ አጃቢው ባለሙያ ደግሞ የጤና ጣቢያው ነው። የሦስት አካል ኃላፊነት የሆነ ነገር የማንም እንዳይሆን፣ የመረካከቢያ ቅጹ ላይ «አለ» ከሚለው ዓምድ ቀጥሎ «ይሠራል» የሚል ሁለተኛ ዓምድ ሊጨመር ይገባል። በየተራው መለወጫ አሥር ደቂቃ የማይፈጅ ፍተሻ ይደረግ፦

- ሻንጣው ያደረው የት ነው?
- ፐልስ ኦክሲሜትሩ በራስ ጣት ላይ ተሞክሮ ቁጥር ሰጥቷል?
- የላሪንጎስኮፑ መብራት ነጭና ደማቅ ነው?
- ግሉኮሜትሩ ስትሪፕ ሲገባበት ለመለካት ዝግጁ ይሆናል?
- የማኒቶልና የሌሎች ፈሳሾች ጠርሙሶች በብርሃን ሲታዩ ጥርት ያሉ ናቸው?
- የኦክሲጅኑ ግፊት ከትናንቱ ጋር ሲነጻጸር ስንት ነው?
- መኪናው በመጀመሪያው ሙከራ ተነሥቷል?

ማጠቃለያ

ብርድ መድኃኒትንና መሣሪያን የሚያበላሸው በጸጥታ ነው። የሙቀት መቆጣጠሪያ ምልክቱ አይለወጥም፤ የፈሳሹ መልክ አይቀየርም፤ ቅጹም «አለ» ይላል። ጉድለቱ የሚታወቀው በተራራ መንገድ ላይ፣ በሌሊት፣ አማራጭ በሌለበት ሰዓት ነው። ያቺ አዋላጅ ነርስ በብርድ የደነዘዙ እጆቿን ሳታነሣ አንድ ሰዓት ተኩል ሙሉ እንድትታገል ያደረጋት የመድኃኒት እጥረት አልነበረም። በተሟላ ሻንጣ አጠገብ ነበር ባዶ እጇን የቀረችው።

እንዲህ ያለውን ፈተና በሌላ ባልደረባ ላይ እንዳይደገም ለማድረግ አዲስ በጀት መጠበቅ አያሻም። የጥቅምት ወር ሲያልቅ ሻንጣው ከመኪናው ወደ ተረኛው ክፍል ይግባ፤ የበረዶ ጥቅል ሳይወዘወዝ አይጫን፤ ዕቃው ሲቆጠር መሥራቱም አብሮ ይፈተሽ። «ሳይደርቅ በእርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ» እንዲሉ፣ ይህ ሁሉ ሊደረግ የሚችለው ስልኩ ከመጮኹ በፊት ነው።